ያልተቆጠሩት የኦትሴጎ ድምፆች፦ የ1792ቱ የኒውዮርክ አገረ ገዥ ምርጫ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የማቀርበው ንግግር እ.ኤ.አ. በ1792 በኒውዮርክ ግዛት ስለተካሄደው የአገረ ገዥ ምርጫ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ወራትም በሙሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምርጫው ውጤት ይፋ ሲሆን ጆርጅ ክሊንተን 8,440፣ ተፎካካሪው ጆን ጄይ 8,332 ድምፅ አግኝተዋል ተባለ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 108 ድምፅ ብቻ ነው። ይህ አኃዝ ግን የመላውን ግዛት ድምፅ አይወክልም። ኦትሴጎ፣ ቲዮጋና ክሊንተን ከተባሉት ሦስት ካውንቲዎች፣ ማለትም የግዛቱ የአስተዳደር ክፍሎች፣ የመጣው ድምፅ ሳይቆጠር ቀርቷል፤ ከሦስቱም ኦትሴጎ ለጄይ የብዙ መቶ ድምፅ ብልጫ እንደሚሰጥ ወዳጁም ባላንጣውም ይጠብቅ ነበር።

ስለ ቀደምት የአሜሪካ ምርጫዎች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ማን ከማን እንደተፎካከረና ማን ምን ብሎ እንደቀሰቀሰ ነው። እኔ ግን ጊዜዬን በአብዛኛው የምሰጠው፣ የድምፅ ወረቀቱ ከመራጩ እጅ ወጥቶ ቆጣሪው ዘንድ እስኪደርስ ለተጓዘበት መንገድ ነው፤ ምክንያቱም የ1792ቱ ምርጫ የተወሰነው እዚያ መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሥልጣኑ ጥቂት ልበል። ኒውዮርክ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥቷን ያወጣችው በ1777፣ ከእንግሊዝ ጋር በምትዋጋበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ በብዙዎቹ ግዛቶች አገረ ገዥውን የሚመርጠው የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲሆን በኒውዮርክ ግን መራጩ ራሱ በቀጥታ ይመርጠው ነበር፤ የሥልጣን ዘመኑ ሦስት ዓመት ነበር፤ ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችልም ገደብ አልተጣለበትም። እርግጥ መራጭ ስንል ሁሉንም ሰው ማለታችን አይደለም። ለአገረ ገዥ ድምፅ መስጠት የሚችለው፣ ዕዳው ተቀንሶ 100 ፓውንድ የሚያወጣ ርስት ያለው ወንድ ብቻ ነበር። በ1790 በተደረገው ቆጠራ የግዛቱ ነዋሪ 340,120 ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፁ የተቆጠረለት ሰው 17,000 እንኳ አይሞላም።

ጆርጅ ክሊንተን በዚህ ሥልጣን ላይ ከ1777 ጀምሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብርጋዴር ጄኔራል ሆኖ ያገለገለ፣ በሐድሰን ወንዝ ዳር ያሉት መካከለኛ ገበሬዎች እንደ ራሳቸው ሰው የሚያዩት፣ ከትላልቆቹ ባለርስት ቤተሰቦች ውጭ ተነሥቶ ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ለክሊንተን ፍርድ ስንሰጥ ይህን መርሳት የለብንም። ከጦርነቱ የወጣችውን ግዛት ያቃና፣ ግምጃ ቤቷን ያደላደለ፣ ሕዝብ በተደጋጋሚ የመረጠው መሪ ነው። ነገር ግን በ1788 አዲሱን የፌዴራል ሕገ መንግሥት በመቃወሙ የሕገ መንግሥቱ ደጋፊዎች፣ ማለትም ፌዴራሊስቶች፣ ከሥልጣን ሊያወርዱት ቆርጠው ተነሡ። በእርሱ ሰብሳቢነት በፓኪፕሲ ከተማ የተቀመጠው ጉባኤ ሕገ መንግሥቱን 30 ለ27 በሆነ ድምፅ ሲያጸድቅ የክሊንተን ወገን መሸነፉ ታየ። በቀጣዩ ዓመት የፌዴራሊስቶቹ መሪ አሌክሳንደር ሃሚልተን ዳኛ ሮበርት ዬትስን አስወዳደረበት፤ ክሊንተን 6,391 ለ5,962 አሸነፈ። ፌዴራሊስቶች ከዚህ የተረዱት ነገር ቢኖር ሰውየው የማይነቀነቅ አለመሆኑን ነው፤ ስለዚህ ለ1792 ያላቸውን ትልቁን ሰው አቀረቡ።

ያ ሰው ጆን ጄይ ነው። ጄይ በወቅቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ነበር፤ ለአገረ ገዥነት የተወዳደረውም ዳኝነቱን ሳይለቅ ነው። ዛሬ ቢሆን ይህ በእጅጉ የሚያስነውር ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ግን የፌዴራሉ ዳኝነት ከትልቅ ግዛት አገረ ገዥነት ያነሰ ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ ብዙም ሰው አላስደነቀም። ከዚህ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የ1777ቱን የኒውዮርክ ሕገ መንግሥት በዋናነት ያረቀቀው ራሱ ጄይ መሆኑን ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት ውስጥ አገረ ገዥውና አራት ሴኔተሮች የሚቀመጡበት አንድ የሹመት ሸንጎ ተቋቁሟል፤ ይህም ሸንጎ የየካውንቲውን ሸሪፍ፣ ማለትም የካውንቲውን ሕግ አስከባሪ ሹም፣ ጭምር ይሾማል። ሐሳቡ አገረ ገዥው ብቻውን እንዳይሾምና ምክር ቤቱም ብቻውን እንዳይሾም ለማስማማት የመጣ ነበር። ከ15 ዓመታት በኋላ ጄይን ከወንበሩ ያስቀረው ክርክር የተነሣው ከዚሁ ሸንጎ ሥራ ነው።

የምርጫ ቅስቀሳው የራሱ ብዙ ገጽታ ቢኖረውም ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሣ። የመጀመሪያው የመሬት ጉዳይ ነው። በ1791 አገረ ገዥው አባል የነበረበት የመሬት ኮሚሽን በግዛቱ ሰሜን ያለውን ሰፊ የመንግሥት መሬት ሲሸጥ፣ አሌክሳንደር ማኮምብ ለተባለ አንድ ባለሀብት ብቻ 3.6 ሚሊዮን ኤከር ገደማ፣ ኤከሩን በ8 ፔንስ ሂሳብ ሰጠው። ፌዴራሊስቶች ይህን ይዘው አገር ምድሩን አደረሱት። ሁለተኛው የባርነት ጉዳይ ነው። ጄይ በ1785 የተመሠረተውና ባሮች ነጻ እንዲወጡ የሚሠራው የኒውዮርክ ማኅበር የመጀመሪያው ሊቀመንበር ነበር፤ ራሱ ግን ባሪያ አሳዳሪ ነው። በግዛቱ በዚያን ጊዜ ከ21,000 በላይ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ስለነበር፣ ባሮች በብዛት በሚገኙባቸው የደች ገበሬዎች አካባቢ የክሊንተን ደጋፊዎች «ጄይ ከተመረጠ ባሪያችሁን ይነጥቃችኋል» እያሉ ቀሰቀሱ። ጄይ በፌብሩዋሪ 1792 በጻፈው ደብዳቤ አልሸሸም፤ የማንኛውም ቀለም ሰው የነጻነት የተፈጥሮ መብት እንዳለው ገልጾ፣ ነጻ ማውጣቱ ግን ቀስ በቀስና የጌቶችንም ጥቅም ባገናዘበ መልኩ መሆን አለበት አለ። ድምፅ እንደሚያሳጣው እያወቀ የመጀመሪያውን ግማሽ በጽሑፍ ማስፈሩን አከብርለታለሁ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ግን በባርነት ላይ ያለው ሰው ቢያነበው ምን ይል ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው የምርጫ ሕግ መሠረት ድምፅ የሚሰጠው በኤፕሪል የመጨረሻ ሳምንት ነው። መራጩ የተመራጩን ስም የያዘ ወረቀት ለምርጫ አስፈጻሚዎች ይሰጣል፤ እነርሱም በሳጥን ይከትታሉ። ወረቀቱ እዚያው በየከተማው አይቆጠርም። አስፈጻሚዎቹ አሽገው ለካውንቲው ሸሪፍ ያስረክባሉ፤ ሸሪፉ የካውንቲውን ሁሉ በአንድ ሳጥን አድርጎ፣ ራሱ ወይም ምክትሉ ይዞት ወደ ኒውዮርክ ከተማ ይጓዛል፤ ለግዛቱ ዋና ጸሐፊ ያስረክባል። ከሴኔቱና ከተወካዮች ምክር ቤት የተውጣጣው የድምፅ ቆጣሪ ኮሚቴ ደግሞ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ተቀምጦ ሳጥኖቹን ይከፍታል፤ ይቆጥራል፤ ይወስናል። ሕጉ የኮሚቴውን ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ስላደረገው ይግባኝ የሚባልበት አካል የለም። ከቆጠራው በኋላም ወረቀቶቹ ይቃጠላሉ።

ይህን አሠራር በዝርዝር የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሳጥኑ ከካውንቲው እስከ ኒውዮርክ ከተማ በመኪና መንገድ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ፤ ከምዕራቡ ጠረፍ የሚነሣ ሰው በጫካና በጭቃ መንገድ ለብዙ ቀናት መጓዝ ነበረበት። በዚያ ጉዞ ሁሉ ሳጥኑ በአንድ ሹም እጅ ነው። ያ ሹም ደግሞ ሹመቱ በሕግ የጸና ካልሆነ፣ ወይም ታምሞ ሳጥኑን ለሌላ ሰው ካስተላለፈ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መራጮች ድምፅ ከእርሱ ጋር ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የደረሰውም ይኸው ነው። ከቲዮጋ ሳጥኑን ይዞ የተነሣው የሸሪፉ ምክትል መንገድ ላይ ታመመና ለሌላ ሰው አስረከበ። የክሊንተን ካውንቲ ሸሪፍ ደግሞ ሳጥኑን በጽሑፍ ባልተሾመ፣ በቃል ብቻ በተወከለ ሰው እጅ ላከ።

የኦትሴጎው ነገር ከሁለቱም የተወሳሰበ ነው። ኦትሴጎ ካውንቲ ሆኖ የተዋቀረው በፌብሩዋሪ 1791 ነበርና በምርጫው ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበረው። የመጀመሪያው ሸሪፍ ሪቻርድ ስሚዝ የተሾመው በዚያው ወር ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ በፌብሩዋሪ 1792 አለቀ። የሹመት ሸንጎው ተተኪውን ቤንጃሚን ጊልበርትን የሾመው ግን በማርች 30 ሲሆን፣ ጊልበርት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሥራውን የተረከበው በሜይ 11 ነው። የድምፅ ሳጥኑ የታሸገውና ወደ ዋና ከተማው የተላከው በዚህ መካከል፣ በሜይ መጀመሪያ ነበር። አሽጎ የላከውም ዘመኑ ያለፈበት ስሚዝ ነው። በዚህም ላይ ስሚዝ በኤፕሪል በተደረገው የከተማ ምርጫ የኦትሴጎ ከተማ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተመርጧል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ሸሪፍ የሆነ ሰው ሌላ ሹመት እንዳይደርብ ይከለክላል። ከሳጥኑም ውጭ፣ የቼሪ ቫሊ ድምፅ ነው የተባለ ለብቻው የተጠቀለለ አንድ ጥቅል አብሮ መጣ።

እንግዲህ ሳጥኑን ያመጣው ሸሪፍ ነው ወይስ ተራ ሰው? ጥያቄው ይህ ነበር።

የኮሚቴው አባላት ሊስማሙ ስላልቻሉ ኒውዮርክን በአሜሪካ ሴኔት የሚወክሉትን ሁለቱን ሴኔተሮች፣ ሩፈስ ኪንግንና አሮን ቡርን፣ የሕግ አስተያየት ጠየቁ። ሁለቱም የታወቁ የሕግ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ወገን አላቸው። ኪንግ የፌዴራሊስቶች ሰው ነው። ቡር በ1791 የሃሚልተንን ሚስት አባት ፊሊፕ ስካይለርን አሸንፎ ሴኔት የገባው በክሊንተን ወገን ድጋፍ ነው። ቡር መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም አስተያየት ከመስጠት ብንቆጠብ ይሻላል ብሎ ነበር፤ ኪንግ እሰጣለሁ ሲል ግን እርሱም ጻፈ።

የኪንግ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነበር። ተተኪው ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ነባሩ ሸሪፍ በሥራው ላይ ይቆያል፤ የእንግሊዝ የሕግ ልማድም ይህን ይደግፋል፤ ያለዚያ ካውንቲው በየጊዜው ያለ ሸሪፍ ይቀር ነበር። ከዚህም ሌላ በገሃድ እንደ ሹም ሲሠራ የነበረ ሰው ለሕዝብ የሠራው ሥራ፣ የሹመቱ ወረቀት ጉድለት ስለተገኘበት ብቻ እንዳልተሠራ አይቆጠርም፤ ሕጉም የተጻፈው መራጩ ድምፁን እንዲሰጥ እንጂ ድምፁን እንዲያጣ አይደለም። ቡር በበኩሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ሸሪፍ በየዓመቱ ይሾማል ሲል ዓመቱ ሲያልቅ ሹመቱም ያልቃል ማለት ነው አለ። በእንግሊዝ ያለው ልማድ ከኒውዮርክ የተጻፈ ሕግ ጋር አንድ ስላልሆነ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ስሚዝም ሌላ ሹመት ይዞ ሸሪፍ ነኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ የኦትሴጎ ሳጥን ሕጉ በሚያዘው ሰው እጅ አልመጣም፤ ሊቆጠርም አይገባም።

የቡርን ጽሑፍ በሐቅ ያነበበ ሰው ተራ ማምታታት ነው ሊለው አይችልም፤ የቃሉን አገባብ ተከትሎ የሚሄድ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ክርክር ነው። ሆኖም እኔ አልቀበለውም፤ የማልቀበልበትንም ምክንያት በግልጽ ላስረዳ። ስሚዝ ዘመኑ ሲያልቅ ተተኪው በጊዜው ያልተሾመው በማን ቸልተኝነት ነው? ሸሪፍ የሚሾመው የሹመት ሸንጎው ነው፤ የሸንጎው ሰብሳቢ ደግሞ አገረ ገዥው ጆርጅ ክሊንተን ነው። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች 30 ያለው ክፍተት የተፈጠረው በዚያ ሸንጎ መዘግየት ነው። ክሊንተን ይህን ሆን ብሎ ለማጭበርበር አደረገው አልልም፤ እንዲህ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን አንድ ሹም የመራው አካል ባጓደለው ሥራ ምክንያት ራሱ ተጠቃሚ፣ ምንም ያላጠፉት መራጮች ደግሞ ተጎጂ የሚሆኑበትን የሕግ ትርጓሜ መምረጥ፣ ሌላም አሳማኝ ትርጓሜ በቀረበበት ሁኔታ፣ ፍትሕ ሊባል አይችልም። የኦትሴጎ ገበሬ ወረቀቱን ሲሰጥ የሸሪፉን የሹመት ደብዳቤ ቀን እንዲያጣራ የሚጠይቀው ሕግ አልነበረም።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ሰባቱ የሦስቱን ካውንቲዎች ሳጥኖች ውድቅ አደረጉ፤ አራቱ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስመዘገቡ። ከሰባቱ አንዱ ሜላንክተን ስሚዝ ሲሆን፣ በ1788ቱ ጉባኤ ከክሊንተን ጎን ቆመው ከተከራከሩት ሁሉ የላቀው አንደበተ ርቱዕ እርሱ ነበር። ጁን 12 ቀን 1792 ክሊንተን አሸናፊ ተባለ። ወረቀቶቹ ተቃጠሉ። የሦስቱ ካውንቲዎች ድምፅ በየከተማውም በዋና ከተማውም ሳይቆጠር ስለጠፋ፣ ኦትሴጎ ውስጥ ማን ስንት አግኝቶ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሊኖር አልቻለም። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ውሳኔው ስሕተት ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቆጥሮ እውነቱን ሊናገር በቻለ ነበር።

የኦትሴጎን መራጮች ንጹሕ በጎች አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም፤ ምክንያቱም በዚያ ካውንቲ ውስጥ ሌላም ታሪክ ነበር። የካውንቲው ቀዳሚ ዳኛ ዊልያም ኩፐር ይባላል። በኦትሴጎ ሐይቅ ዳር በስሙ የተጠራችውን ኩፐርስታውንን የቆረቆረ፣ ሰፊ መሬት ይዞ ለሰፋሪዎች በዱቤ የሚሸጥ ሰው ነው። መራጮቹ በአብዛኛው የእርሱ ባለዕዳዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ እርሱም የጄይ ብርቱ ደጋፊ ነበር። በኋላ በተሰበሰቡት የመሐላ ቃሎች ላይ ኩፐር ከድምፅ መስጫው ቦታ ቆሞ መራጮችን ያስፈራራና ይገፋፋ እንደነበር ተመዝግቧል። በአንደኛው ቃል ላይ እንደሰፈረው፣ እርሱ እንዳለው ለመምረጥ ያልፈለገን አንድ ወጣት «ሞኝ ነህ» ብሎ፣ የመንግሥት ሹም በመሆኑም እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ከወጣቱ ይልቅ እርሱ እንደሚያውቅ ነግሮታል። በዕዳ የያዘህ ሰው፣ ዳኛህም የሆነ ሰው፣ ፊት ለፊትህ ቆሞ እንዲህ ሲልህ ወረቀቱን በነጻነት ሰጠሁ ማለት ይከብዳል። ኩፐር በዚህ ተከሶ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤቱ ደረሰ፤ ሳይቀጣ ቀረ። ልብ በሉ፣ የኦትሴጎ ድምፅ የወደቀው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። የመራጩን ነጻነት የሚነካው ጥፋት ሳይመረመር፣ የሸሪፉ የሹመት ዘመን ጥያቄ ድምፁን ጣለው። ኮሚቴው የኩፐርን ድርጊት መርምሮ በዚያ ምክንያት ጥሎት ቢሆን ኖሮ የእኔም ፍርድ ሌላ ይሆን ነበር።

ውሳኔው ሲሰማ ግዛቱ ተናወጠ። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፤ ጋዜጦች የኮሚቴውን አባላት ስም እየጠቀሱ አወገዙ፤ በጦር መሣሪያ የሚያስፈራሩም ነበሩ፤ አንዳንዱ ልዩ ጉባኤ ተጠርቶ ውሳኔው ይሻር አለ። ጄይ በዚህ ጊዜ በኒው ኢንግላንድ ችሎት እየዞረ የዳኝነት ሥራውን በመሥራት ላይ ነበር። የቤቱንና የከተማውን ወሬ በደብዳቤ የምታሳውቀው ሚስቱ ሳራ ነበረች። እርሱም በጁን 18 በጻፈላት መልስ፣ ከመራጮቹ የሚበዙት ከእርሱ ጋር እንደነበሩ ማወቁ ደስ እንደሚያሰኘው፣ በደል መፈጸሙም እንዳላስደነቀው ገለጸላት። ቀጥሎም ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ሁላችንም ትቢያ እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ግዛቱን ከመግዛቴ ይልቅ ራሴን መግዛቴ ይበልጥብኛል አላት። ለሕዝብ የተጻፈ አይደለም፤ ለሚስት የተጻፈ ነው፤ ለዚህም ነው የማምነው።

ሲመለስ ደጋፊዎቹ በላንሲንበርግና በአልባኒ መድፍ እየተኮሱ «በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ አገረ ገዥ» እያሉ ተቀበሉት። በዚያ ሰዓት አንድ ቃል ቢያመልጠው ግዛቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር መገመት አይከብድም። እርሱ ግን ሕዝቡ የመብቱን ዋጋ እንደሚያውቅ ተናግሮ፣ መብቱን ለማስከበር የሚያደርገው ጥረት በጽናቱ የታወቀውን ያህል በትዕግሥቱና በልከኝነቱም እንዲታወቅ ተስፋ እንደሚያደርግ ገለጸ። ሃሚልተንም፣ የክሊንተን ቀንደኛ ባላንጣ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ለሩፈስ ኪንግ በጻፈው ደብዳቤ ውሳኔውን ሕገ መንግሥቱና ሕጉ በማያውቁት መንገድ ለመሻር መሞከር ተገቢም ጠቃሚም አለመሆኑን አስጠነቀቀ፤ ልማዱ ዛሬ ቢጠቅመን ነገ ሌሎች ሲያበላሹት እናያለን የሚል ነበር ሐሳቡ።

ከተቃራኒው ወገን የተሰማው አንድ ድምፅ ደግሞ በተለይ ሊነሣ ይገባዋል። ቶማስ ጄፈርሰን በፖለቲካ የክሊንተን ወዳጅ ነው። ቢሆንም በጁን 21 ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክሊንተን ሥልጣኑን አልቀበልም ካላለ በቀር ፍትሐዊ ሰው ነው ብሎ ለእርሱ መከራከር የሚቻል እንደማይመስለው ገልጿል። ክሊንተን አልተወም፤ ተቀበለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ከጆን አዳምስ ጋር ተወዳድሮ 77 ለ50 ሲሸነፍ፣ የኒውዮርኩ ታሪክ ስሙን ተከትሎት ነበር። የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት አቤቱታውን ሰምቶ በ1793 መጀመሪያ የኮሚቴው አብላጫ አባላት ጥፋት አልተገኘባቸውም ብሎ ነገሩን ዘጋ።

መራጩ ግን አልዘጋውም። በ1795 ክሊንተን እንደማይወዳደር አስታወቀ። ጄይ በወቅቱ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ውል ለመደራደር ለንደን ነበር፤ አንድም ቀን ሳይቀሰቅስ በ13,481 ለ11,892 ሮበርት ዬትስን አሸነፈ። በሜይ መጨረሻ ከመርከብ ሲወርድ አገረ ገዥ መሆኑ ጠበቀው። የተፈራረመው ውል ይዘት ሲወጣ በየአደባባዩ ምስሉን ያቃጠሉበት በዚያው ዓመት ነው፤ ምርጫው ጥቂት ወራት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ማሸነፉን እጠራጠራለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላም ተመረጠ። በ1799 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀረውን ሕግ የፈረመውም እርሱ ነው፤ ሕጉ ከዚያ ዓመት ጁላይ 4 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለዱትን ነጻ አለ፤ ነገር ግን ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመት ለእናታቸው ጌታ እንዲያገለግሉ አስገደደ። በ1792 በደብዳቤው ላይ ያየናቸው ሁለቱ ግማሾች በሕጉም ላይ አብረው አሉ።

የመጨረሻው ነገር በ1800 የሆነው ነው። በኤፕሪል በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ የጄፈርሰን ወገን፣ በኒውዮርክ ከተማ አሮን ቡር ባደራጀው ቅስቀሳ፣ አሸነፈ። በኒውዮርክ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን 12 መራጮች የሚሰይመው የግዛቱ ምክር ቤት ስለሆነ፣ አዲሱ ምክር ቤት ሲቀመጥ 12ቱም ለጄፈርሰን እንደሚሆኑ የታወቀ ነው። ሃሚልተን ያን ጊዜ በሜይ 7 ለአገረ ገዥው ጄይ ጻፈ። ዘመኑ ጁላይ ላይ የሚያበቃው ነባሩ ምክር ቤት፣ ፌዴራሊስቶች አብላጫ የያዙበት፣ በአስቸኳይ እንዲጠራና መራጮቹ በየወረዳው በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ሕጉን እንዲለውጥ ጠየቀው። አሠራሩ ሕግ አይጥስም፤ ምክር ቤቱን መጥራት የአገረ ገዥው ሥልጣን ነው። ነገር ግን ምርጫ ከተደረገ በኋላ የተሸነፈው ወገን ደንቡን የሚለውጥበት መንገድ ነበር። በ1792 ከሕገ መንግሥቱ ውጭ አንሂድ ብሎ የጻፈው ሃሚልተን፣ በ1800 ከሕጉ ሳይወጣ የመራጩን ውሳኔ የሚያስቀር መንገድ አገኘ።

ጄይ ደብዳቤውን አንብቦ በጀርባው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈበት፦ ለፓርቲ ጥቅም የታሰበ፣ እኔ ብቀበለው የማይገባኝ እርምጃ። ምክር ቤቱን አልጠራም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የፕሬዚዳንት መራጭ ሁለት ድምፅ ስለነበረው፣ 12ቱ የኒውዮርክ መራጮች ድምፃቸውን ለጄፈርሰንና ለቡር ሰጡ፤ ሁለቱም እኩል 73 ድምፅ ሲያገኙ ጆን አዳምስ በ65 ቀረ፤ ከ12ቱ ጥቂቶቹ እንኳ ለአዳምስ ሆነው ቢሆን ኖሮ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ይሆን ነበር። ጄይ ይህን ሲያደርግ ከኒውዮርክ ከተማው ድል ጀርባ ያለው፣ ከስምንት ዓመት በፊት የኦትሴጎ ሳጥን እንዳይቆጠር አስተያየት የጻፈው ሰው መሆኑን ያውቅ ነበር።